ያልተቆረጠው ክር

ልደታ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ገብረየሱስ፣

ወረቀትዎ ደርሶኛል። እትዬ ነጅማ ቅቤያቸውን ይዘው መርካቶ ሲገቡ ተክለ ሃይማኖት እህታቸው ሱቅ አስቀምጠውልኝ፣ ከምሳ በኋላ በእግሬ ሄጄ ወሰድኩት። አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ፤ ትምህርት ቤት "ለወዳጅህ ደብዳቤ ጻፍ" ሲሉን ከጻፍኩት በቀር ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ስልክ አይሰማኝም ስላሉኝ ግን ልሞክር።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ ሳጥኖቹ እኛ ዘንድ ናቸው። ሚስዮኖቹ ከስልሳ ዓመት በፊት በየአገሩ እየዞሩ የቀረጹት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የቴፕ ክር ነው፤ ጉራግኛ አለ፣ ከምባትኛ፣ ሲዳምኛ፣ ኦሮምኛ አለ፣ ከናይሮቢ የመጣ ስዋሂሊና ኪኩዩም አለ። ቢሮው ልደታ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ቢሮ ስል ድሮ የሚስዮኑ መጋዘን የነበረ አንድ ክፍል ማለቴ ነው። የምንሠራው እኔና ከሬዲዮ በጡረታ የወጡት ጋሽ በዕውቀቱ ነን። ክሩ ሳይሞት ድምፁን ወደ ኮምፒውተር እናሻግራለን። እኔ አምና በቋንቋ ጥናት ተመርቄ በኮንትራት የገባሁ ነኝ፤ ኮንትራቴ እስከ ሰኔ ብቻ ነው።

አዎ፣ አባቴ ከእናንተው አገር ነው። እኔ እዚሁ ልደታ ስላደግሁ ቋንቋውን እሰማለሁ እንጂ አልናገርም። አክስቶቼ "ጆሮ ብቻ" ይሉኛል።

አዎ፣ ቁጥር 41 አለ። ካርቶኑ ላይ በእርሳስ "ትርፌ፣ የርብቃ ታሪክ፣ 1959" ተብሏል። ገና አልነካነውም።

የላክሁልዎን የስም ዝርዝር ማን ከየት እንደሆነ አንድ በአንድ ለይተው ስለመለሱልኝ ጋሽ በዕውቀቱ "ይኸ ሰውዬ ራሱ መዝገብ ቤት ነው" ብለዋል። እኔ ደግሞ ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከስምዎ ጎን "አቀባይ" ብለው ጽፈዋል፤ አቀባይ ምንድን ነው? ሌላውን ሁሉ ክር በአንድ መስመር አልፈው ስለ 41 በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ጊዜ የጠየቁኝስ ለምንድን ነው?

አክባሪዎ ትሕትና


እምድብር፣ ኅዳር 21 ቀን 2017

ለልጄ ለትሕትና፣

እንደምን አለሽልኝ። እኔ ከግራ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ፤ የቀኙም ሊከተለው ጓዙን እየሸከፈ ነው። ደብዳቤ አልችልም ብለሽ ሁለት ገጽ ሞላሽ፤ ብትችዪ ኖሮ ነጅማ መኪና ልትከራይ ነበር።

አቀባይ እንዲህ ነው። ሚስዮናዊውን እኛ "ባለ ሳጥኑ" ነበር የምንለው፤ የቴፑን ሳጥን ከነባትሪው በበቅሎ ጭኖ ስለሚዞር። ታሪኩን በአማርኛ ጽፎ ይሰጠኛል፣ እኔ ወደ ቋንቋችን እመልሰዋለሁ። በእኔ ድምፅ ግን አይቀርጽም። የሚያነብ ሰው ድምፅ ይደርቃል ይላል። የሚፈልገው ፊደል ያልቆጠረ፣ አፉ የጠራ ሰው ነው። ከዚያ ሰው ፊት ተቀምጬ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ ያ ሰው ይደግማል። ሌላ እላለሁ፣ ይደግማል። ሕጉ አንድ ነው፤ አቀባዩ ያለውን ሁሉ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መድገም። ማታ ማታ ባለ ሳጥኑ የእኔን ድምፅ ከክሩ ላይ በምላጭ እየቆረጠ ይጥልና የሌላውን በማጣበቂያ ይቀጥለዋል። እንግዲህ በእነዚያ ክሮች ላይ አለሁም የለሁምም።

ትርፌ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከእንሰቱ ወዲያ ማዶ ሆና እናቷን ስትጣራ ሰምቶ ነው ባለ ሳጥኑ "ይህቺን አምጣልኝ" ያለኝ። ድምፅዋን እንዴት አድርጌ ልጻፍልሽ። ቀና ያለ ነበር፤ ሲጠራሽ ሥራሽን ጥለሽ ትነሺ ነበር።

41 ሳይቆረጥ የቀረ ክር ነው። ባለ ሳጥኑን በዚያ ሰሞን ወባ ጣለው፣ ምላጩን ሳያነሣ ካርቶን ውስጥ ገባ።

ለምን ሦስት ጊዜ ጠየቁ ላልሽኝ፣ ለጊዜው ናፍቆት ነው በይው። ትርፌ በ2009 ዐርፋለች። ድምፅዋ ሌላ የትም የለም። እባክሽ አትዘግዪ፤ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ሊሄድ ነው።

ገብረየሱስ


ልደታ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017

አባባ ገብረየሱስ፣

አቶ የሚለውን ተውኩት፤ ካልወደዱት ይቆጡኝ።

ድምፅዋ ተገኘ። ክሩ አርጅቶ እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ጋሽ በዕውቀቱ ፍራፍሬ ማድረቂያ ውስጥ አስገብተው ቀኑን ሙሉ ለስለስ ባለ ሙቀት አቆዩት። ጥበቃችን ሞቱማ በመስኮት ብቅ እያለ "ጥብሱ ደረሰ?" ይለናል። ሲወጣ ጋሽ በዕውቀቱ "እንዲህ ያለ ክር አንዴ ይዘፍንልሻል። ሁለተኛ ካስደገምሽው ቆዳውን ገፎ እጅሽ ላይ ነው የሚያስቀርልሽ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሲዞር ቡናማ ዱቄት ያራግፋል። ግን እስከ መጨረሻው ሄደልን።

ባለ ሳጥኑ ጀምሮ የተወውን ሥራ እኔ ጨረስኩልዎ። ምላጭም አላስፈለገኝም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ለይቶ ይቆርጣል። ሦስት ቀን ተቀመጥኩበት። አሁን ትርፌ ብቻዋን፣ ጥርት ብላ፣ ያለ አንድ ኮሽታ ታሪኩን ከጫፍ ጫፍ ትናገራለች። በፍላሽ አድርጌ ለእትዬ ነጅማ ሰጥቻለሁ። "ፖስታ ቤት አደረጋችሁኝ፤ ቴምብር ግንባሬ ላይ ለጥፉብኝ" አሉኝ።

እንደምን አለሽልኝ ላሉኝ፣ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ሀያት የምትባል ጓደኛዬ ሜክሲኮ አንድ ባንክ ውስጥ ትሠራለች። "የሙታን ዲጄ ሆነሽ ልትቀሪ ነው?" እያለች ፈተና እንድፈተን አደረገችኝ፤ ተፈተንኩ። ልለፍ አልለፍ ምን እንደምፈልግ ራሴም አላወቅኩትም። ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ሰኔ ሲመጣ ግን መውደዴ ደሞዝ አይሆነኝም።

ሲሰሙት ይጻፉልኝ። እየጠበቅኩ ነው፤ በየቀኑ ሱቁ ደጃፍ እየሄድኩ ባለሱቋን አሰልችቻታለሁ።

ትሕትና


እምድብር፣ ጥር 14 ቀን 2017

ልጄ ትሕትና፣

ሰማሁት። ቤካ ፎቶ ቤት ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አለ፤ በቀኝ ጆሮዬ ላይ ተጭኖልኝ ሰማሁት። ቤካ "አባባ፣ ስብከት ነው ዘፈን?" አለኝ። ሁለቱም አይደለም አልኩት። ፎቶ ቤቱን ሲዘጋ እንኳን አላስነሣኝም።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ።

በታሪኩ ውስጥ ርብቃን ጠርተው "ከዚህ ሰው ጋር ትሄጃለሽን?" ይሏታል፤ እሷም "እሄዳለሁ" ትላለች። ይህን አቀበልኳት፤ ደገመች። ቀጥዬ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር አቀበልኳት። "እኔም ከገብረየሱስ ጋር እሄዳለሁ" አልኳት። ሃያ ዓመቴ ነበር። ባለ ሳጥኑ ቋንቋችንን በወጉ አይሰማም፣ የሳጥኑ የድምፅ መለኪያ መርፌ ስትወዛወዝ ነው የሚያየው። በሌላ መንገድ የምናገርበት ድፍረት አልነበረኝም።

ዝም አለች። ዐይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ጠበቅሁ። ስንት እንደቆየች እንጃ፤ ለእኔ ያ ዝምታ ሳያልቅ ነው የኖረው። ከዚያ ደገመችው። መድገም ሕጉ ነዋ፤ አቀባዩ ያለውን ሁሉ ደግሚ ተብላለች። ባለ ሳጥኑ "ጥሩ፣ ጥሩ" አለና ትርፍ ባትሪውን በቅሎዋ ላይ እንድጭን አዘዘኝ፤ ፊቷን ሳላይ ወጣሁ። ቃሉ ሥራዋ ነው፣ መልሷ ዝምታው ነው ብዬ ደመደምኩ። በስምንተኛው ቀን ባለ ሳጥኑ ወደ ናይሮቢ ሲሄድ ተከተልኩት። በሁለት ዓመቴ ስመለስ ወልቂጤ ተድራለች። እኔም አገባሁ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ደግ ሰው ነበረች፤ በቤቴ አላዝንም።

በላክሽልኝ ላይ ግን ዝምታ የለም። "እሄዳለሁ አለች" ትልና ትንፋሽ ሳትስብ የእኔን ዓረፍተ ነገር ትቀጥላለች። ወዲያው። እንደተዘጋጀ ሰው። አራት ጊዜ መልሼ ሰማሁት። እንግዲህ ያን ሁሉ ዝምታ የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ፍርሃቴ ነው ያረዘመው። ሃምሳ ስምንት ዓመት ያልነበረ ነገር ተሸክሜ።

አንድ ነገር ብቻ አረጋግጪልኝ። በክሩ ላይም እንዲሁ ነው፣ አይደል?

ገብረየሱስ


ልደታ፣ ጥር 30 ቀን 2017

አባባ፣

ዘግይቼ ስለጻፍኩ ይቅርታ። ደህና ነን። ሰሞኑን መብራት እየሄደ እየመጣ ሥራ አላስኬድ ብሎናል፤ ማሽኑ እየዞረ መብራት ከጠፋ ክሩ ስለሚሳብ ጋሽ በዕውቀቱ ገመዱን ነቅለው ጋዜጣ ያነባሉ። የባንኩ ፈተና ውጤት ገና ነው። የከምባትኛዎቹን ጨርሰን ሲዳምኛዎቹን ጀምረናል።

የጠየቁኝን አልረሳሁም። በሰፊው እጽፍልዎታለሁ። ብርዱ እንዳይጎዳዎ።

ትሕትና


እምድብር፣ የካቲት 18 ቀን 2017

ልጄ፣

ሥራ በዝቶብሽ እንደሆነ ነጅማ ነግራኛለች፤ ለመልሱ አትጨነቂ። ጆሮዬ የሰማውን ሰምቷል።

ባለፈው ማክሰኞ ወልቂጤ ሄጄ ነበር። የትርፌን መቃብር ያሳየችኝ የመጨረሻ ልጇ ናት። "አባቴን ያውቁታል ወይስ እናቴን?" አለችኝ። በወጣትነቴ ከእናትሽ ጋር ሥራ ሠርተናል አልኳት። ውሸት አይደለም። ሥራ ብቻ እንዳልነበረ ማወቄ ግን እግሬን አቀለለው፤ ያንን ዳገት ሳላርፍ ወጣሁት። ልጄ በሱፍቃድ "አባባ፣ ምን አገኘህ? ታፏጫለህ እኮ" አለኝ። ሰው በሰባ ስምንት ዓመቱ ሲያፏጭ ልጆቹ ሐኪም ያስባሉ።

ይህን ያደረግሽልኝ አንቺ ነሽ። ምን ልመርቅሽ እያልኩ ሰነበትኩ። የምትፈልጊውን የምታውቂ ያድርግሽ።

ገብረየሱስ


ልደታ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017

አባባ ገብረየሱስ፣

ይህን ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ወልቂጤ ሄድኩ ባይሉኝ ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬም አልጽፈውም ነበር። ይህንንም ማወቅ ስላለብዎ ነው የምነግርዎ።

በክሩ ላይ እንዲሁ አይደለም።

ኮምፒውተሩን የእርስዎን ድምፅ እንዲያወጣ ሳዝዘው ዝምታውንም ሁሉ እንዲዘጋ አዝዤው ነበር። ከግማሽ ሰከንድ በላይ ጸጥ ያለ ቦታ ሁሉ ተቆርጧል። ሁለቴ የተነገረ ነገር ካለ አንዱን አስቀርቼ ሌላውን ጥያለሁ። ሠላሳ አራት ደቂቃ የነበረው አሥራ ሁለት የሆነው በዚህ ነው። "ወዲያው" ያሉት የትርፌ አይደለም፣ የእኔ ነው። ስምዎን ሰምቼዋለሁ፤ በየክሩ የሠራተኞቹ ስም ስለሚጠራ ያ መስሎኝ አለፍኩት። ሳይቆረጥ የቀረ ክር ነው ብለው ጽፈውልኝ ነበር፤ እኔ ግን ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው ብዬ አነበብኩት።

ጥሬው ቅጂስ አለ ወይ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። የለም። ዲስኩ ሞልቶ ስለነበር፣ ንጹሕ ቅጂ ካለን ቆሻሻው ምን ያደርጋል ብዬ አጠፋሁት። ጋሽ በዕውቀቱ ሲሰሙ አልተቆጡም። ጥሬ እንደማይጠፋ ማንኛውም ቀራጭ የሚማረው በመጀመሪያ ቀኑ ነው አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዝምታው ስንት እንደነበር አላውቅም። እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ አንዴ ሰምቼዋለሁ፤ የሰማሁት ግን የሚቆረጥ ነገር ስፈልግ ነው።

ሁለት ወር ደስ ብሎዎት ሳይ እውነቱን ለመጻፍ ፈራሁ። ይቅርታ ማለት ያንሰኛል።

ትሕትና


እምድብር፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017

ለትሕትና፣

ደብዳቤሽን ተቀብዬ አንድ ወር አስቀመጥኩት። ተናድጄ ነበር፤ አልደብቅሽም። ንዴቱ ሲወጣልኝ ከሥሩ ያገኘሁት የድሮውን ነገር ነው፤ የማውቀውን። ያልነበረ ደስታ ሰጥተሽ ወሰድሽብኝ፤ ያም ሆኖ ሁለት ወር ነበረኝ፤ ሌላ ሰው ያንንም አላገኘም።

አንቺም አቀባይ ሆነሽ ሳታውቂው ያላለችውን አስባልሻት። እኔም ያደረግሁት እሱኑ አይደል? ስለዚህ የምፈርድብሽ እኔ አይደለሁም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ክሩን ደግማችሁ እንዳትነኩት። ዝምታው ምን ያህል እንደሆነ ጆሮዬ ያውቀዋል፤ ለመለካት ተብሎ ድምፅዋ ያረፈበት ነገር አይገፈፍ። የቀኝ ጆሮዬም አሁን የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው፤ ጸጥታ ብትልኪልኝ ከራሴ ጸጥታ አልለየውም።

ገብረየሱስ


ልደታ፣ ግንቦት 5 ቀን 2017

አባባ፣

አደራዎን በላሁ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ልደታን አክብረን በማግስቱ ቢሮ ስንገባ ክፍሉ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ጋሽ በዕውቀቱ እያሸተቱ ሄደው የ41ን ካርቶን ከፈቱ። "ክር ሲሞት እንዲህ ይሸታል፤ ይኼ ከክረምት አያልፍም" አሉ። "ሽማግሌው አትንኩ ብለዋል" አልኳቸው። "ሽማግሌው ሽታውን አላሸተቱትም። ሳንነካው ይሞታል፣ ብንነካውም ይሞታል። አንቺ ነሽ አደራ የተቀበልሽ፤ አንቺ ወስኚ" አሉኝ። እስከ ምሳ ድረስ ከግቢው ውጭ፣ ለፍርድ ቤት ባለጉዳይ ማመልከቻ ከሚጽፉት ሰዎች አጠገብ ቆሜ አሰብኩ። ገብቼ "እናጫውተው" አልኳቸው።

ጋሽ በዕውቀቱ በየደቂቃው እያቆሙ ማሽኑን በአልኮል እየጠረጉ ነው ያስኬዱት። እጃቸው ቡናማ ሆነ። ከርብቃ መጠራት ጀምሮ አራት ደቂቃ ሰጠንና ዱቄት ሆኖ ቀረ። አራቱ ደቂቃ ያለ አንድ ቁራጭ፣ ጥሬውን፣ በሦስት ቦታ ተቀምጧል።

ዝምታው አለ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። በትክክል ነው ያስታወሱት፤ ይህን ሳልነግርዎ በሐሰት ተስፋ ላስመጣዎ አልፈልግም።

ነገር ግን ከእሱ በኋላ፣ እርስዎ ከወጡ በኋላ፣ መጀመሪያ ድግግሞሽ ነው ብዬ የጣልኩት ነገር አለ። ምን እንደሆነ አልጽፍም። ሰምተውት የማያውቁትን እኔ ቀድሜ በራሴ ቃል ላቀብልዎ አልፈልግም። ይምጡ። ጋሽ በዕውቀቱ ቀኝ ጆሮዎ እስከሚችለው አጉልተው ያዘጋጁታል። ከእትዬ ነጅማ ጋር ተክለ ሃይማኖት ድረስ ይምጡ፣ እኔ ከሱቁ እወስድዎታለሁ።

የባንኩን ፈተና አልፌአለሁ። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ግቢ ብለውኛል። ሀያት እንኳን ደስ አለሽ ብላ ኬክ ገዛች። እኔ ገና አልመለስኩላቸውም።

ትሕትና


እምድብር፣ ሰኔ 2 ቀን 2017

ልጄ ትሕትና፣

እናንተ ዘንድ መጥቼ የሰማሁ ዕለት አንድ ቃል ሳልተነፍስ ተነሥቼ ስለወጣሁ ይቅር በይኝ። እስከ ታክሲው ስትሸኚኝ ልትጠይቂኝ ፈልገሽ እንደተውሽው አይቻለሁ። ስላልጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ። መንገዱን ሙሉ ነጅማ "ተጣላችሁ እንዴ?" ስትለኝ ነበር።

አራቱም ደቂቃ ተሰምቶኛል። አሥራ አንዱን ሰከንድ ቆጠርኩት። ረጅም ነው። ከዚያ ደገመችው፤ ያንን አውቃለሁ። "ጥሩ፣ ጥሩ" የሚለው ባለ ሳጥኑ ነው። ጫማው ሲርቅ የሚሰማው የእኔ ነው፤ ኋላ የሚከተለው የእሱ ነው፤ ቴፑን ሳያጠፋ ነው የወጣው። ማሰሪያው ላላ ብሎ ሲቆጣኝ ትዝ ይለኛል። እኔ ደጅ ቆሜ ከበቅሎዋ ጋር እታገላለሁ። ቤቱ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

ከዚያ ያልሽኝ መጣ። ቀስ ብላ፣ ለራሷ። "እኔም ከገብረየሱስ ጋር እሄዳለሁ።" በመጀመሪያው ላይ ስሜ ላይ ተጣድፋ ነበር፤ በሁለተኛው አልተጣደፈችም።

ጋሽ በዕውቀቱን አመስግኚልኝ፤ ጆሮዬ ቀስ ያለ ድምፅ መስማት ከተወ ስንት ጊዜው፣ ያን ቀን ግን አልሳተም። ደስ አለዎት ወይስ አዘኑ ብለሽ ብትጽፊልኝ አልመልስልሽም። ወልቂጤ ደግሜ መሄዴን ግን ልንገርሽ፤ በዚህኛው ጊዜ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ዐረፍኩ። ልጇንም አገኘኋት። እናቷ በቴፕ ላይ እንዳለች ነግሬአታለሁ፤ መስማት ትፈልጋለች። ምን እንዳለች አልነገርኳትም። ከመጣች አሰሚያት፣ ሁሉንም፣ ሳትቆርጪ።

ባንኩን በሚመለከት ምክር አትጠይቂኝ። የሰው ዝምታ አይቼ መልስ ነው ብዬ የሄድኩ ሰው ነኝ።

41ን መዝገባችሁ ላይ ስታሰፍሪ እንዲህ አድርጊ። ለመጀመሪያው፣ ተናጋሪ ትርፌ፣ አቀባይ ገብረየሱስ ብለሽ ጻፊ፤ ያቀበልኩት እኔ ነኝና ይታወቅብኝ። ለሁለተኛው ሌላ መስመር ክፈቺለት። ተናጋሪ፣ ትርፌ። አቀባይ በሚለው ላይ ሰረዝ አታድርጊ፣ ባዶም አትተዪው፤ ኋላ የሚያየው ሰው የተረሳ ይመስለዋል። "የለም" ብለሽ፣ በፊደል፣ ጻፊው።

ገብረየሱስ